ሺሻ፣ ከሰልና የተዘጋ ክፍል፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የካ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል፣ በሌላ አቅጣጫም በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እስከ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ድረስ ይዘልቃል። ገበያው፣ የታክሲና የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ትምህርት ቤቱና መኖሪያ ሰፈሩ ተቀራርበው የሚገኙበት አካባቢ በመሆኑ፣ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ሰዎች የሚሰባሰቡባቸው ቤቶችም በርካታ ናቸው። እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ፣ ከእነዚህ ቤቶች መካከል በሩ ገርበብ ብሎ፣ መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዶ ሺሻ የሚቀርብባቸው ይገኙባቸዋል።

ስለ ሺሻ ከኅብረተሰቡ የሚነሡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ውሃው ጭሱን ያጣራዋል ወይ? ከሲጋራ ይሻላል ወይ? በሕግ የተከለከለው ሽያጩ ነው ወይስ ማጨሱ? በግቢ ውስጥ ተከራይ ሺሻ ቤት ቢከፍት ወዴት አቤት ይባላል? ማቆም የሚፈልግ ሰው እርዳታ የሚያገኘው የት ነው? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ሺሻ ምንድን ነው?

ሺሻ ትምባሆን በውሃ ውስጥ በሚያልፍ ጭስ አማካኝነት ለማጨስ የሚያገለግል ዕቃ ነው። ቃሉ የመጣው ከፋርስ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ መስታወት ማለት ነው፤ ይህም ውሃው የሚቀመጥበትን ጠርሙስ ያመለክታል። ዕቃው በዋናነት አራት ክፍሎች አሉት። ከላይ ትምባሆው የሚቀመጥበት ትንሽ የሸክላ ወይም የብረት ጽዋ አለ። ከጽዋው ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይከተላል። ከሥር ውሃ የሚሞላበት ጠርሙስ ሲኖር፣ ከጠርሙሱ ጎን ደግሞ አጫሹ የሚስብበት ረጅም ቱቦ ይወጣል። ትምባሆው በቀዳዳ ፎይል ተሸፍኖ የጋለ ከሰል ይደረግበታል። አጫሹ ቱቦውን በሳበ ቁጥር የከሰሉ ሙቀትና ጭስ በትምባሆው ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ወደ ሳንባ ይገባል።

በአሁኑ ወቅት በብዛት የሚታወቀው የሺሻ ትምባሆ ከማር ወይም ከስኳር ዝቃጭ ጋር የተለወሰ፣ የፖም፣ የሚንት፣ የወይንና የመሳሰሉት ጣዕም የተጨመረበት ነው። ይህ ዓይነቱ ትምባሆ በዓለም ገበያ በስፋት የተሠራጨው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በአብዛኛው በዕድሜ በገፉ ወንዶች ዘንድ ይዘወተር የነበረውን ሺሻ ወደ ወጣቶችና ወደ ሴቶች እንዲሸጋገር ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ዋነኛው ነው።

በውሃ የሚያልፍ ጭስ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በተለያዩ የገጠር አካባቢዎች ከቅል ተሠርቶ ውሃ የሚደረግበት፣ ጋያ የሚባል የትምባሆ ማጨሻ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ትምባሆን መከልከልም እንዲሁ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗ ትምባሆ እንዳያጨሱ ስታስተምር የኖረች ሲሆን፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመናቸው ትምባሆን በጥብቅ መከልከላቸው በታሪክ ተመዝግቧል። የዛሬው ክልከላ ግን መሠረቱ ሌላ ነው፤ የሚነሣው ከጤና ማስረጃና ጭሱ በሌሎች ሰዎች ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ሰውን የሚያሰባስበው ምንድን ነው?

ሺሻን በተመለከተ የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የሚያጣው ማኅበራዊ ገጽታውን ችላ ስለሚል ነው። ሲጋራ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር ነው። ሺሻ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ መቀመጫ ይፈልጋል፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ቱቦው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጨዋታው ይረዝማል፣ እንግዳውም ቤተኛ ይሆናል። በብዙ ቦታ ከጫት ጋር ተያይዞ ስለሚቀርብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን በአንድ ክፍል ውስጥ ማሳለፍ የተለመደ ነው።

ወደ ሺሻ ቤት የሚሄዱ ወጣቶች ሁሉ ትምባሆ ፈልገው የሚሄዱ አይደሉም። ሥራ ያላገኘው ወጣት የሚውልበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከክፍለ ሀገር መጥታ ብቻዋን የምትኖር ወጣት ጓደኛ ትፈልጋለች፤ ተማሪው ከእኩዮቹ ላለመለየት ይሄዳል። «እኔ አጫሽ አይደለሁም፤ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ብቻ ነው» የሚለው አባባል የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ኒኮቲን የሚሳበው ለጨዋታ ይሁን ለሱስ አይለይም። በሳምንት አንድ ቀን የተጀመረው ወደ ሁለትና ሦስት ቀን ያድጋል፤ በመጨረሻም ጓደኛ በሌለበት ጭምር ቱቦውን መፈለግ ይከተላል።

በመሆኑም ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። መሰባሰብ፣ መጫወትና መረዳዳት የኢትዮጵያውያን መልካም እሴት ነው፤ ሊጠበቅና ሊስፋፋ ይገባዋል። ጉዳት የሚያስከትለው በመካከል የተቀመጠው ጭስና ክፍሉ የተዘጋ መሆኑ ነው።

ውሃው ጭሱን ያጣራዋል?

አያጣራውም። ውሃው በዋናነት የሚሠራው ጭሱን ማቀዝቀዝና ማርጠብ ነው። ከኒኮቲኑ ጥቂቱን ሊያስቀር ቢችልም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ፣ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችና ጥቃቅን የጭስ ብናኞች ውሃውን አልፈው ወደ ሳንባ ይገባሉ። እንዲያውም ጭሱ ቀዝቃዛና ለስላሳ መሆኑ ሌላ ችግር ያስከትላል፦ ጉሮሮን ስለማይከረክር አጫሹ በጥልቀትና ለረጅም ጊዜ እንዲስብ ያደርገዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የምክር ሰነድ እንደተመለከተው፣ አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይስባል፤ ወደ ሳንባው የሚገባው ጭስም ከ0.5 እስከ 0.6 ሊትር ይሆናል። በአንጻሩ ከ20 እስከ 80 ደቂቃ በሚፈጅ የሺሻ ቆይታ አንድ ሰው ከ50 እስከ 200 ጊዜ ሊስብ ይችላል፤ እያንዳንዱ ስበትም ከ0.15 እስከ 1 ሊትር ጭስ ይይዛል። ይህ ማለት በአንድ ቆይታ የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ሺሻ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር፣ ከመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ከድድ በሽታ እንዲሁም በእርግዝና ወቅት ሲሆን ዝቅተኛ የልደት ክብደት ካለው ሕፃን መወለድ ጋር ተያያዥነት እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል። «ትምባሆ የሌለበት» ወይም «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ» ተብሎ የሚቀርበው ሺሻም ከጉዳት ነጻ አይደለም። ኒኮቲን ባይኖረው እንኳን ከሰሉና የተቃጠለው ዝቃጭ የሚያወጡት መርዛማ ጋዝና ጥቀርሻ አይቀርም።

ከሰሉና የተዘጋው ክፍል

በየክረምቱ የከሰል ምድጃ ዘግተው ያደሩ ቤተሰቦች ስለሚደርስባቸው አደጋ የአዲስ አበባ ነዋሪ በሚገባ ያውቃል። የሺሻ ከሰልም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት የሺሻ ዕቃ ሲቀርብ፣ በእያንዳንዱ ላይ የጋለ ከሰል አለ፤ ብዙ ጊዜም ከሰሉ የሚቀጣጠልበት ምድጃ እዚያው ክፍል ወይም ከጎኑ ይቀመጣል። ጭሱና ሽታው እንዳይወጣ፣ ቤቱም እንዳይታወቅ በሚል መስኮቱ ይዘጋል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ሰውየው እየተነፈሰ እንኳን ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። በሺሻ መዓዛ ውስጥ ደግሞ የከሰሉ ሽታ ጭምር ስለሚሸፈን ማስጠንቀቂያ የሚሆን ምልክት አይኖርም።

በዚህ ረገድ በእንጦጦ ግርጌና በተዳፋቱ ላይ በሚገኙ ሰፈሮች የሚኖሩ ዜጎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርባቸዋል። የእንጦጦ ተራራ ከፍተኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከተማዋ ራሷም በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። በከፍታው ምክንያት ቀድሞውንም ከቀነሰው ኦክስጅን ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ጉዳቱ ይባባሳል። የምሽቱ ብርድ ደግሞ በርና መስኮት እንዲዘጋ ይገፋፋል።

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ናቸው። በሺሻ ቤት ውስጥ እነዚህን ምልክቶች «መረቀን ነው»፣ «ሺሻው ጠንክሮ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ከሰሉ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ሁሉንም ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ራሱን የሳተ ሰው ካለ በቀይ መስቀል የአምቡላንስ አገልግሎት 907 ወይም በአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን 939 ደውሎ እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ወይም ውሃ መርጨት መርዙን ከደም አያወጣም። ሕክምናው ኦክስጅን ሲሆን የሚሰጠውም በጤና ተቋም ነው። ሺሻ ሲጨስ እንደነበረ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ሕይወት ያድናል፤ ወቀሳን በመፍራት መደበቅ ግን ሕክምናውን ያዘገያል።

አንድ ቱቦ፣ ብዙ ሰው

ቱቦውን እየተቀባበሉ መሳብ የወዳጅነት መግለጫ ተደርጎ ቢታይም፣ በምራቅና በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎችን ያሻግራል። የመሳቢያውን ጫፍ በየሰዉ መለወጥ ችግሩን በከፊል ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያስወግደውም። የቱቦው ውስጠኛ ክፍልና የጠርሙሱ ውሃ እርጥብ በመሆናቸው ለተህዋስያን ምቹ ናቸው፤ በየጊዜው በሚገባ ማጽዳትም አስቸጋሪ ነው። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወቅት በርካታ የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገራት በካፌዎች ሺሻ እንዳይቀርብ ያገዱትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

የሳንባ ነቀርሳ አሁንም የጤና ችግር በሆነበት ሀገር፣ የተዘጋ ክፍልና የጋራ ቱቦ አንድ ላይ ሲሆኑ ሥጋቱ ይጨምራል። በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበት ተቋም ሆኖ መቆየቱን የአካባቢው ነዋሪ ያውቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ያለበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሊመረመር ይገባል።

የማያጨሱትስ?

የሺሻ ጉዳት በደንበኛው ላይ ብቻ አይቆምም። በሺሻ ቤት ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የምታሳልፈው ከሰል የምታቀጣጥለው፣ ዕቃውን የምታዘጋጀውና እንዲጨስ ለማድረግ ቀድማ የምትስበው ሠራተኛ ናት። ደንበኛው ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይወጣል፤ እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ትውላለች። በአንድ ግቢ ውስጥ ሺሻ ቤት ከመኖሪያ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነም፣ ጭሱ በኮርኒሱና በበሩ ሥር ወደ ጎረቤት ይገባል፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የአስም ሕሙማን ይጎዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት፣ ከአዋቂው ሕዝብ ትምባሆ ይጠቀም የነበረው 5 በመቶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ይህ የሚያሳየው እጅግ የሚበዛው ሕዝብ ትምባሆ የማይጠቀም መሆኑን ነው። ሕጉ በቅድሚያ የሚጠብቀውም ይህንኑ ብዙኃኑን የማያጨስ ዜጋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። ይህንን ተከትሎም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጠንካራ የትምባሆ ቁጥጥር ድንጋጌዎች ተካተዋል። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ግንኙነት ያላቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ሺሻን፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና መሰል ምርቶችን መሸጥ የተከለከለ ነው። ልዩ ጣዕም የተጨመረባቸው የትምባሆ ምርቶችም በክልከላው ተካተዋል። በመሆኑም ሺሻ ለመሸጥ የሚሰጥ ሕጋዊ የንግድ ፈቃድ የለም። የካፌ፣ የሬስቶራንት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ መያዝ ሺሻ ለማቅረብ መብት አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች የውስጥ ክፍል ማንኛውንም ትምባሆ ማጨስ ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ነው። ክልከላው ከእነዚህ ቦታዎች በር፣ መስኮትና የአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለውን የውጭ አካባቢም ይጨምራል። ቡና ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤትና ሆቴል በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። «የማጨሻ ክፍል» ብሎ ለይቶ ማዘጋጀትም ከክልከላው አያስመልጥም።

ሦስተኛ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ማንኛውንም የትምባሆ ምርት መሸጥ የተከለከለ ነው።

አራተኛ፣ ትምባሆን ማስተዋወቅና በትምባሆ ስም ስፖንሰር ማድረግ የተከለከለ ነው። ይህም ደንበኛ ለመሳብ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቁ ማስታወቂያዎችን ይመለከታል።

በአካባቢያችን ያሉ ሀገራትም ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ሩዋንዳና ኬንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሺሻን ያገዱ ሲሆን፣ ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ከልክላዋለች።

ቤት አከራዮች፣ ነጋዴዎችና ጎረቤቶች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

ቤት አከራዮች፦ ቤታቸውን ከማከራየታቸው በፊት ለምን አገልግሎት እንደሚውል በጽሑፍ በውል ውስጥ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ለመኖሪያ ተብሎ የተከራየ ክፍል ሺሻ የሚሸጥበት ሆኖ ከተገኘ፣ አከራዩ ዝም ብሎ ኪራይ መቀበሉን ከመቀጠል ይልቅ ጉዳዩን ለወረዳው አስተዳደር ማሳወቅ ይኖርበታል። ከመደበኛው በላይ የሆነ ኪራይ መቅረቡ፣ ክፍሉ ቀን ተዘግቶ ብዙ ሰው የሚመላለስበት መሆኑና በየቀኑ ብዙ ከሰል ወደ ቤቱ መግባቱ ሊጤኑ የሚገባቸው ምልክቶች ናቸው።

የካፌና የሬስቶራንት ባለቤቶች፦ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ግልጽ ምልክት መለጠፍ፣ የሲጋራ መተርኮሻ ከጠረጴዛ ላይ ማንሣትና የሚያጨስ ደንበኛ ሲኖር እንዲያቆም በትሕትና መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። ሠራተኛ ሺሻ እንዲያዘጋጅ ማዘዝ፣ ሠራተኛውን ሕገወጥ ለሆነና ለጤና ጎጂ ለሆነ ሥራ ማጋለጥ ነው።

ጎረቤቶችና ሌሎች ዜጎች፦ በአካባቢያቸው ሺሻ የሚሸጥበት ቤት ካለ ለወረዳው አስተዳደር፣ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይም ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥቆማ ማቅረብ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 በመደወልም ማሳወቅ ይቻላል። ጥቆማው ፍሬያማ የሚሆነው የቤቱን ትክክለኛ አድራሻ፣ አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ሰዓትና በቦታው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች መኖር አለመኖራቸውን ሲያካትት ነው። በራስ ሥልጣን ወደ ቤቱ ገብቶ ዕቃ መስበር ወይም ደንበኞችን ማዋከብ ግን ሕጋዊ ስላልሆነ ሊወገድ ይገባል።

ወላጆች፦ ልጃቸው ሺሻ ማጨሱን የደረሱበት ወላጆች በቁጣ ከቤት ማባረር ልጁን ይበልጥ ወደዚያው ቤት እንደሚገፋው ሊገነዘቡ ይገባል። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ለምን እዚያ መሄድ እንደጀመረና ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ በእርጋታ መጠየቅ የተሻለ መነሻ ነው።

ማቆም ለሚፈልጉ

ሺሻን ማቆም ይቻላል። ካጨሱ በኋላ በደም ውስጥ የተከማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። የኒኮቲን ሱስ የያዘው ሰው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ንዴት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ትኩረት ማጣትና ከፍተኛ ፍላጎት ሊሰማው ይችላል። እነዚህ ስሜቶች በመጀመሪያው ሳምንት በርትተው በሚቀጥሉት ሳምንታት ይረግባሉ።

ለማቆም የወሰነ ሰው የሚከተሉት እርምጃዎች ሊያግዙት ይችላሉ። የሚያቆምበትን ቀን ቆርጦ ለቅርብ ጓደኛው መናገር ተቀዳሚው ነው። ሺሻ የሚያጨስበትን ሰዓትና ቦታ ለይቶ ያንን ሰዓት በሌላ ሥራ መሙላት ይገባል። ጫት ሲቃም ሺሻ የሚያምረው ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ ለማቆም ማሰቡ ይጠቅመዋል፤ አንዱ ሌላውን ይጠራልና። በቤት ውስጥ የሺሻ ዕቃ ካለ ማስወገድ እንጂ «ለእንግዳ» ብሎ ማስቀመጥ አይመከርም። ሺሻን በሲጋራ መተካት ደግሞ ሱሱን ማስቀጠል በመሆኑ መፍትሔ አይሆንም።

ብቻውን ማቆም ያቃተው ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ በመሄድ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይችላል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ባለሙያው ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይልከዋል። ስለ አገልግሎቱ መረጃ ለማግኘት በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል። ሕክምና የሚጠይቅ ሰው ሺሻ በማጨሱ ምክንያት በጤና ባለሙያው ለፖሊስ ተላልፎ ይሰጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ በሕክምና ወቅት የሚሰጥ የግል መረጃ ምስጢርነቱ የተጠበቀ ነው።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ሺሻ አልፎ አልፎ ብቻ ማጨስ ይጎዳል ወይ? አዎ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ለመመረዝ አንድ ቆይታ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሱስም የሚጀምረው ከ«አልፎ አልፎ» ነው።

መስኮት ከተከፈተ ጉዳቱ ይቀራል ወይ? የመመረዝ አደጋው ይቀንሳል፤ አጫሹ በቀጥታ ወደ ሳንባው የሚያስገባው ጭስ ግን አይቀንስም። ሽያጩም ቢሆን በተከፈተ መስኮት ሕጋዊ አይሆንም።

በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ከሆነስ? ደንበኛ ገንዘብ ከፍሎ የሚገለገልበት ቤት የንግድና የሥራ ቦታ ነው። በሩ ላይ ምልክት አለመኖሩ ወይም «የግል ቤት» መባሉ ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም።

በኤሌክትሮኒክ መልክ የሚሠራው ሺሻ የተፈቀደ ነው ወይ? አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን ማጨሻዎችም ሽያጭ በአዋጁ የተከለከለ ነው።

ያለ ጭስ መሰባሰብ

ክልከላ ብቻውን የሰውን የመሰባሰብ ፍላጎት አይመልስም። አንድ ሺሻ ቤት ሲዘጋ ወጣቶቹ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ከሌለ፣ ይበልጥ የተደበቀና ይበልጥ የታፈነ ክፍል ይፈልጋሉ። በመሆኑም የወጣት ማዕከላት፣ የስፖርት ሜዳዎች፣ ቤተ መጻሕፍትና አረንጓዴ ቦታዎች የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሳይሆኑ የጤና ጉዳይም ናቸው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በጉለሌና በየካ ክፍለ ከተሞች አናት ላይ በተዘረጋው ደን ውስጥ የእግርና የብስክሌት መንገዶች አሉት። በተራራው ላይ የሚገኘው ንጹሕ አየር በአንድ ሰዓት የታክሲ ጉዞ ውስጥ ላለ ወጣት ሁሉ ቅርብ ነው።

የቡና ሥነ ሥርዓትም ሺሻ ይሰጣል የሚባለውን ሁሉ ይሰጣል። ጊዜ ወስዶ መቀመጥ፣ ተራ በተራ መጫወት፣ አብሮ መቆየት አለበት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ እስከ ሦስት ዙር ይዘልቃል። ይሁንና ቡናው በከሰል የሚፈላ ከሆነ ያው ጥንቃቄ ይሠራል፦ በርና መስኮት ይከፈት፣ ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ይግባ፣ ሲያበቃም ደጅ ይውጣ።

የዓለም የትምባሆ ተቃውሞ ቀን በየዓመቱ ግንቦት 23 ቀን ይከበራል። ሆኖም ትምባሆን የመከላከል ሥራ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። አከራዩ ውሉን ሲያስተካክል፣ ባለ ካፌው ዕቃውን ሲያነሣ፣ ጎረቤቱ ሲጠቁምና ጓደኛው «ዛሬስ ሌላ ቦታ እንሂድ» ሲል፣ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከሰል የምታቀጣጥለውን ሠራተኛ ጨምሮ የብዙ ሰው ጤና ይጠበቃል። ለተጨማሪ መረጃ ዜጎች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ፣ እንዲሁም ከላይ በተጠቀሱት ነጻ የስልክ መስመሮች እንዲገለገሉ ይመከራል።